ላብ በደጋ፦ ቸል የተባለ ሕመም፣ በእጅ ያለ መድኃኒት

በአማርኛ «ላብ» የክብር ቃል ነው። ታታሪ ሰው በላቡ ያድራል፤ የላቡን ዋጋ ይጠይቃል። ከዚህ የተነሣ «ላብ በዛብኝ» ብሎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንደ ቅንጦት ሊታይ ይችላል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ ይህ ግምት ይበልጥ ይጠነክራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦርና ከእርሷ በስተምሥራቅ ባለችው ገሳይ፣ ላብ የቆላ ጉዳይ እንጂ የደጋ ችግር አይመስልም። ግምቱ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ታማሚዎችን ዋጋ ያስከፍላል።

ከመጠን ያለፈ ላብ ወይም ሃይፐርሃይድሮሲስ፣ ሰውነት ሙቀቱን ለማስተካከል ከሚያስፈልገው በላይ ላብ ሲያመነጭ የሚከሠት ሕመም ነው። ሌላ በሽታ ሳይኖር የሚመጣው ዋነኛው ዐይነት በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በብብትና በፊት ላይ ይታያል። የላብ ዕጢዎቹ ጤናማ ናቸው፤ ችግሩ የሚያዛቸው የነርቭ ሥርዓት ከልክ በላይ መንቃቱ ነው። ስለዚህ የደጋ ብርድ አያስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከሕዝቡ 2.8 ከመቶ ያህሉ ችግሩ እንዳለበት ገምቷል። ይህን ቁጥር እንዳለ ለኢትዮጵያ መዋስ አይገባም፤ ሆኖም ጉዳዩ የጥቂቶች ገጠመኝ አለመሆኑን ያመለክታል።

ጉዳቱም በዕለት ተዕለት ኑሮ ይታያል። መዳፉ የሚያልበው ተማሪ የፈተና ወረቀቱ ይርስበታል፤ መጨባበጥ የአክብሮት ምልክት በሆነበት ባህል እጁን ይሸሽጋል። እግሩ የሚያልበው ገበሬ በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ቆዳው ይርሳል፤ ለፈንገስና ለባክቴሪያም ይጋለጣል። ቀይ አፈር የሚያስከትለውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ለመከላከል ዋናው መሣሪያ ጫማ በሆነበት አገር፣ ጫማን የሚያስጠላ ነገር ሁሉ ቀላል ሊባል አይችልም።

የመጀመሪያው ሕክምና በቆዳ ላይ የሚቀባ ፀረ ላብ መድኃኒት ነው። ከሁሉ የታወቀው አሉሚኒየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ከመቶ መጠን ይዘጋጃል። ጨዉ በላብ ቱቦው አፍ አካባቢ ደለል ሠርቶ ቱቦውን ለጊዜው ይደፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት፣ 20 ከመቶ የሆነውን በአልኮል የተበጠበጠ መድኃኒት ከተጠቀሙ 65 የብብት ላብ ታማሚዎች መካከል 64ቱ እጅግ ጥሩ ውጤት እንዳገኙ ዘግቧል። መዳፍና ውስጥ እግር ግን እንደ ብብት በቀላሉ አይታዘዙም።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአጠቃቀም ስሕተት ነው። በመጀመሪያ፣ በየሱቁ ሁሉም «ዲዮዶራንት» ይባላል፤ ዲዮዶራንት ግን ሽታን እንጂ ላብን አይከለክልም። ሁለተኛ፣ ብዙዎች ጠዋት ታጥበው ወዲያው ይቀባሉ። ትክክለኛው ሰዓት ላብ የሚቀንስበት ሌሊት ነው፤ ቆዳው ፍጹም ደርቆ ይቀባል፣ ጠዋት ይታጠባል። ለውጥ እስኪታይ በየሌሊቱ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ጨዉ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ስለሚፈጥር ያቃጥላል፤ በቁስል ወይም አዲስ በተላጨ ቆዳ ላይም መቀባት የለበትም። አሉሚኒየም የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው ሥጋት እስካሁን በአስተማማኝ ማስረጃ አልተደገፈም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ሊያማክር ይገባል።

የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ገዳይ በሽታዎች ባሉበት አገር ስለ ላብ መጨነቅ ተገቢ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው የሀብት እጥረትን በማስታወሱ ትክክል ነው፤ ከዚያ የሚደርስበት ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ዋነኛው ዐይነት ላብ በእንቅልፍ ጊዜ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜም ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምሮ ግራና ቀኝን እኩል ያጠቃል። ሌሊት ልብስና አልጋ የሚያርስ ላብ ግን የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከክብደት መቀነስና ከልብ ምት መፍጠን ጋር የሚመጣ ላብ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትን ያስጠረጥራል። «ተኝተው ሳለ ላቡ ይቆማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ቅባት የሚበቃውን ታማሚ ምርመራ ከሚያስፈልገው ለመለየት ይረዳል። ላብን በቁም ነገር መጠየቅ ከሳንባ ነቀርሳ ቁጥጥር ጋር የሚሻማ ሳይሆን የሚተባበር ሥራ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። የጤና ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ የዘወትር ምርመራ አካል ያድርጉት። የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎችና ሆስፒታሎች ዝግጅቱ ውስብስብ ያልሆነውን ይህን መድኃኒት፣ የጥራት ደንቡን ጠብቀው፣ በመድኃኒት ቅመማ ክፍሎቻቸው የሚያዘጋጁበትን መንገድ ይመርምሩ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የችግሩን ስፋት በተማሪዎችና በገበሬዎች ዘንድ ያጥኑ፤ የሚያስፈልገው የታረመ መጠይቅና የቆዳ ምርመራ እንጂ ውድ ላቦራቶሪ አይደለም። በላቡ የሚያድር ሕዝብ ላቡ ሕመም ሲሆንበት የሚጠይቀው ሐኪም ሊያጣ አይገባም።