ወንፈል ያልመለሰ ሰው

ባለፈው ኅዳር ወር ወደ አረርቲ ወርጄ ነበር። ወርጄ ማለቴ በእውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ ምንጃር የሚሄድ መንገደኛ ገና ከሞጆ ሳያልፍ ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖራል። ሰሜን ሸዋ ሲባል የደብረ ብርሃንን ውርጭና የአንኮበርን ጉም ብቻ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አረርቲ ግን ሞቅ ያለች፣ የጤፍና የሽምብራ አገር ናት። ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣ አንድ የሽምብራ ዝርያ እንኳ «አረርቲ» ተብሎ በስሟ ይጠራል።

የሄድኩት ጤፍ ልሸምት አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ሚስት በስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፤ ጤፉ ደርሷል፤ ወንድምዎ ግን ከመደቡ አልተነሣም» ስላለችኝ ነው።

ይህ ዘመዴ ዕድሜው ከ40 ጥቂት ያለፈ፣ በሠራተኛነቱ የታወቀ ገበሬ ነው። አምና በክረምቱ መጨረሻ ላይ ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመረ፤ ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ፤ ከዚያም ምግብ ተወ። እንደ አገሩ ልማድ በመጀመሪያ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ሕመምህ ድባቴ ይባላል» ተብሎ ኪኒን ታዘዘለት። ኪኒኑን በያዘ በሁለተኛው ወር ለቅሶው ቆመ፤ እንቅልፉም ተመለሰ። ቤተሰቡ እልል አለ። ነገር ግን ሰውዬው አልተነሣም። ጧት ከመደቡ ወርዶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ከደጃፉ ተነሥቶ መደቡ ላይ ይወጣል። በመካከሉ የሚሠራው ነገር የለም።

ከተማ ለሚኖር አንባቢ ይህ ቀላል ይመስለው ይሆናል። በምንጃር ግን ኅዳር የአጨዳ ወር ነው፤ አጨዳም በወንፈል ነው። ደቦ ለጠላውና ለዘፈኑ ሲባል ቢቀሩበት ይቅርታ ያገኛል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው። ጎረቤትህ አንድ ቀን ካጨደልህ አንድ ቀን ታጭድለታለህ፤ ደብተር የለውም፣ የሚረሳውም የለም። ዘመዴ ካለፈው ዓመት የ6 ቀን ወንፈል ዕዳ ነበረበት። በመጀመሪያ «አሞታል» አሉ። ለቅሶው ሲቆምና ፊቱ ሲመለስ ግን፣ «አሁን እንኳ ስንፍና ነው» የሚል ቃል ከመንደሩ ተነሣ። ይህን ቃል የሰማው ከሌላ ሰው አይደለም፤ ከገዛ ልጁ ነው።

እኔ በደረስኩበት ቀን ነገሩ ከዚህም አልፎ ነበር። ሚስቱ ወደ ጓዳ ጠርታ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታ አሳየችኝ፤ 10 ያህል ኪኒኖች ናቸው። ከጤፍ ጆንያ ሥር ደብቆ አግኝታቸዋለች። ጠርቼ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፤ አይቆጡኝ» አለኝ። «ደከመኝ። ኪኒኑን ከተውኩ ጉልበቴ ይመለሳል ብዬ ነው። አጨዳው እስኪያልቅ ብቻ።»

«ተመለሰልህ?»

«አልተመለሰም። ራሴን ያዞረኛል፤ እንቅልፉም ሄደ። ትናንት ማታ ደግሞ እንባዬ መጣ።»

አልተቆጣሁትም። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለምና። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው እንዲሠራ ነው፤ መድኃኒቱን ይዞ መሥራት ሲያቅተው ተጠያቂ የሚያደርገው መድኃኒቱን ነው። ስሕተቱ ለማንም ሳይናገር በአንድ ጊዜ ማቆሙ ላይ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ድንገት ሲቋረጡ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ያስከትላሉ፤ ሕመሙም ይመለሳል። ጥቅማቸው ቀስ ብሎ፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት በሚሆን ጊዜ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ በአጨዳ ሰሞን ትቶ ለገና መመለስ የሚባል ነገር የላቸውም። ሰውየው ደኅና ከሆነም በኋላ ለብዙ ወራት እንዲቀጥል፣ ማቆሙም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እንዲሆን ነው የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ የሚመክረው።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ የአእምሮ ሐኪም የሆነ አንድ ወዳጄን አገኘሁትና ነገሩን አጫወትኩት። «ድካም ብቻ ብለህ አትምጣብኝ፤ የየትኛው ድካም ነው?» አለኝ። እኔ ድካም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ድባቴ እንደ ጎርፍ ነው አለኝ። ውሃው ቀድሞ ያልፋል፤ ጭቃው ይቆያል። ኀዘኑና ለቅሶው ከሄዱ በኋላ ድካሙና የሐሳብ አለመሰብሰቡ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህ ድካም መድኃኒቱ ያመጣው ሳይሆን መድኃኒቱ ገና ያልጨረሰው ሥራ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ወይም ሌላ ሊለውጥለት ይችላል፤ ሕመምተኛው ካልተናገረ ግን ማን ያውቅለታል? «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ካርዱን ይዞ ይወጣል።

ሌላው ድካም በእርግጥ የኪኒኑ ነው። ዘመዴ የሚወስደው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ነው። ዱሮ የተገኘ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ለድባቴም የሚረዳ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉም ራስ ያዞራል። ስለዚህ የሚዋጠው ማታ ነው። ፍሉኦክሰቲን የተባለው ደግሞ ጠባዩ የተለየ ነው፤ አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ስለሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጧት ይሰጣል። ኀዘኑም ደስታውም እንደ ደነዘዘበት የሚናገር ሰውም አለ። ይህን ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ወደ አረርቲ ደወልኩ።

«ኪኒንህን የምትውጠው መቼ ነው?»

«ጧት ነዋ ጋሼ! መድኃኒት ጧት አይደለም እንዴ?»

እንግዲህ ይታያችሁ! የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ ማጭድ ይዞ ሊወጣ ነበር። የሰጠው ባለሙያ ነግሮት ረስቶት ይሁን ወይም ሳይነግረው ቀርቶ፣ አላጣራሁም። ሰልፍ በረዘመበት ቦታ ሁለቱም ይሆናል።

ከሁለቱም ያልሆነ ድካም ደግሞ አለ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የሳምባ ነቀርሳ፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያደክማሉ፤ ድባቴም ይመስላሉ። የአእምሮ ሕመምተኛ የሚል ስም የወጣለት ሰው «ደከመኝ» ሲል ሁሉ ነገር በአእምሮው ስለሚሳበብ ደሙን የሚመረምርለት ያጣል። ማታ ማታ የምትቀመሰውን አረቄም መርሳት አይገባም። አረቄ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ እንቅልፉን እጥፍ ያደርገዋል፤ በማግሥቱም ድባቴውን ያብሳል። ዘመዴ ይህን ስነግረው በስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ዝምታው ገባኝ።

ለነገሩ እኮ የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ የተጀመረው ከድካም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ ሲ ቪው በተባለው ሆስፒታል ለሳምባ ነቀርሳ ታማሚዎች አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች መብላትና መሳቅ፣ እንዲያውም መጨፈር ጀመሩ፤ ጋዜጠኞችም ፎቶግራፍ አነሧቸው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይፕሮኒያዚድ የሚባለው፣ ኋላ ለድባቴ ዋለ። በ1956 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሮላንድ ኩን የተባለው ሐኪም ኢሚፕራሚንን ለድባቴ ታማሚዎች ሰጥቶ የእንባቸውን መድረቅ አየ። አሚትሪፕቲሊን የዚህኛው የቅርብ ዘመድ ነው። በእኛም አገር በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ስሙንም ለስድብ ያዋልነው እኛው ነን። ዛሬ ግን ሥልጠና ያገኙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በየወረዳው ይህን ሕመም እያከሙ ነው።

ስለ ጠበሉ አንድ ቃል ልጨምር። ለጠበል ሲሉ ኪኒናቸውን የሚጥሉ ብዙዎች አሉ፤ ኪኒን ስለ ያዙም ከጠበል የሚሸሹ አሉ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረው ነበር። የዘመዴም የንስሐ አባት ተጠይቀው፣ «ኪኒንህን ዋጥ፤ ጠበልህንም ጠጣ» አሉት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ኪኒኑን ማታ መዋጡ ለጾሙም ተስማማለት።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የልብ ነገር ነው። ዘመዴ ካርዱን ይዞ ሄዶ ሁሉን ተናገረ፤ ደሙን ተመረመረ፤ ደኅና ሆነ። ኪኒኑን እንደ ገና አስጀመሩት፤ ሰዓቱንም ወደ ማታ አዛወሩለት። የጧቱ መፍዘዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለለ። ነገር ግን «ልቤ አይነሣም» አለኝ። ሐኪም ወዳጄ ለዚህ የሰጠኝ መልስ መጀመሪያ አላሳመነኝም ነበር። «ልቡ እስኪነሣ አይጠብቅ፤ እግሩ ይነሣ፤ ልቡ ይከተለዋል» አለኝ። ጤነኛ ሰው ሲፈልግ ይሠራል፤ በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ፍላጎቱ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው፤ ያውም በጥቂቱ። ስለዚህ ሥራው ትንሽ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ሲያልቅም የሚታይ መሆን አለበት። ጥጃ አስሮ መመለስ። አንድ ጀሪካን ውሃ። ከዚያ ማረፍ፤ ሳያፍሩ ማረፍ። በደኅናው ቀን ተነሥቶ የሦስት ቀን ሥራ የሠራ ሰው በማግሥቱ ይወድቅና «ይኸው አልቻልኩም» ይላል።

በዚምባብዌ አገር የሕዝቡ ቃል ለዚህ ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛም ሰው እንዲሁ አይደል የሚለው? ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በዚያ አገር ዋና ከተማ በሐራሬ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። አያቲቱ ታዳምጣለች፤ ከብዙው ጣጣ አንዱን ያስመርጣሉ፤ በዚያ ሳምንት የሚሠራ ትንሽ ነገር ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ሕመሙ በብዙዎቹ ላይ እንደ ቀለለ አሳይቷል።

ይህን ለዘመዴ ሚስት ሳጫውታት፣ «ይኼማ ቡና ላይ የምናደርገው ነው» አለችኝ። ልዩነቱ እኛ ቡና ላይ ምክር አብዝተን ማድመጥ መቀነሳችን ይመስለኛል። «በርታ! ወንድ አይደለህ?» የምትለዋ ቃላችን ማንንም ስታበረታ አላየሁም። ለእርስዋ ሁለት ነገር ብቻ አደራ አልኳት። አንደኛው፣ ኪኒኑን ቆልፋ እንድትይዝና የዕለቱን ብቻ እንድትሰጠው፤ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማልና፣ ለሕፃናትም ያሰጋል። ሁለተኛው፣ «ሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያን ዕለት እንድትወስደው። ሰው ጉልበቱ መመለስ ሲጀምርም ልብ ማለት ያሻል፤ ጉልበቱ ከተስፋው ቀድሞ የሚመለስበት ጊዜ አለና።

የወንፈሉን ነገር የፈቱት ግን እኔም ሐኪሙም አይደለንም፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ናቸው። ዘመዴ እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ሄደና፣ «አባባ፤ ሙሉ ቀን አልችልም» አላቸው።

«ታዲያ ግማሽ ቀን ና» አሉት። «ሁለት ግማሽ አንድ ቀን አይሆንም እንዴ?»

ጧት ጧት ሄዶ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤቱ እየተመለሰ፣ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ እየቀረ፣ አጨዳው አልቆ ውቂያው ገባ። በጥር ወር ደውዬ እንዴት ነህ ስለው ስለ ጤናው አልነገረኝም።

«ጋሼ፤ የቀረብኝ ሁለት ቀን ነው» አለኝ። «ማለቴ፣ አራት ግማሽ።»