ለአንድ አገር ሕዝብ አንድ የነጭ ጋዝ ዋጋ



ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ነዳጃችን በዋናነት የሚገባው በጅቡቲ ነው። መንግሥት የችርቻሮ ዋጋ ሲተምን የማጓጓዣውን ወጪ በየከተማው ርቀት ይጨምራል። ስለዚህ የጋምቤላዋ እናት ለምታበስልበት ነጭ ጋዝ ከድሬዳዋዋ የበለጠ ትከፍላለች። ማደያ በሌለበት ደግሞ በጀሪካን የሚቸረችረው የፈለገውን ይጨምርበታል፤ አቅም ያጣው ወደ ከሰል ይመለሳል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ሀብት ፍትሐዊ በሆነ መንገድ የሚከፋፈልበትን ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። እኛ ከተመረጥን የማጓጓዣው ወጪ ተደምሮ ለመላ አገሪቱ እኩል ይካፈላል። ለወደብ የቀረበው ጥቂት ይጨምራል፤ የራቀው እፎይ ይላል። የዋጋው ዝርዝርም በየማደያው ይለጠፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ድምፃችሁን ለፓርቲያችን ስጡ።