የፖሊስ ሥነ ምግባር፦ አርሶ አደሩ ወደ ጣቢያ ወይስ ወደ በቀል?

ንፋስ መውጫ፦ በሬው የተሰረቀበት የጋይንት አርሶ አደር ሌሊቱ ሲነጋ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወስዳል። ሁለተኛው ጠመንጃ አንግቶ፣ ዘመድ አዝማድ ጠርቶ፣ የከብቱን ዱካ ተከትሎ ወደ ተጠርጣሪው መንደር ይወስዳል። የመጀመሪያው መንገድ በመዝገብ ተጀምሮ በፍርድ ቤት ያበቃል። የሁለተኛው መጨረሻ ግን አይታወቅም። በአንድ በሬ የተነሳ ጠብ ሕይወት ይቀጥፋል፤ ደም መመላለስን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

አርሶ አደሩ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው የሕጉ ርዝመት አይደለም። በጣቢያው በር ላይ የሚቀበለው ሰው ነው። ቃሉ በአግባቡ ይመዘገብለታል? "ነገ ና" እየተባለ ይመላለሳል? ለነዳጅ ወይም ለወረቀት ክፈል ይባላል? ተጠርጣሪው የፖሊሱ ዘመድ ቢሆንስ? የፖሊስ አባላት የሥነ ምግባርና የሥነ ሥርዓት ጉዳይ የአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ አስተዳደር ብቻ ሊሆን የማይችለው ስለዚህ ነው። የገጠሩም የከተማውም ሰላም የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ከበደ?

ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የላይ ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ያለፉት ዓመታት መከራ እርሷንም በዙሪያዋ ያሉትን የታች ጋይንት፣ የስማዳ እና የእስቴ ሕዝብም አልዘለለም። ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም ከተማዋ በህወሓት ታጣቂዎች እጅ ቆይታለች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት በእነዚያ ቀናት ጥቃት እንደደረሰባቸው የተናገሩ 16 ሴቶችን ማነጋገሩን ገልጿል።

ከዚያ በኋላም ጸጥታው ሳይደፈርስ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም የፌዴራሉ መንግሥት የክልሎች ልዩ ኃይል ፈርሶ አባላቱ ወደ መከላከያ ሠራዊት፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ እና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለስድስት ወራት የታወጀው አዋጅ በኋላ ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሟል። ዛሬ በክልሉ መደበኛ ፖሊስ፣ አድማ መከላከል ፖሊስ እና ሚሊሻ በአንድ አካባቢ ይሠራሉ፤ የፌዴራል ፖሊስና የመከላከያ አባላትም አሉ።

ለገበያተኛው ይህ ሁሉ "መሣሪያ የያዘ የመንግሥት ሰው" ነው። በሕግ ፊት ግን እያንዳንዱ የሚጠየቅበት ሰንሰለት የተለየ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የወረዳው ፖሊስ ለወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለዞን ፖሊስ መምሪያ፣ በመጨረሻም ለክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ይጠየቃል። ሚሊሻው ደግሞ የፖሊስ አባል አይደለም። በደል የደረሰበት ሰው በዳዩ የየትኛው ኃይል አባል እንደሆነ ካላወቀ አቤቱታው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይቀራል። በመሆኑም የመጀመሪያው የሥነ ምግባር መለኪያ ቀላል ነው፦ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ማንነቱ በግልጽ መታወቅ አለበት። ስሙና መለያው የማይታይ ፖሊስ ቢያጠፋ የሚከሰሰው ማን ነው?

አርባ ስምንት ሰዓትና የገብስ አጨዳ

ፖሊስ ሊከተለው የሚገባው ሥርዓት አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ ክስ ወይም አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ቀኑ እንዲጻፍበትና አቅራቢው እንዲፈርምበት ያዛል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል አርሶ አደር ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። የተጻፈ አቤቱታ ዱካ አለው፤ ያልተጻፈ አቤቱታ ግን ከጣቢያው ግቢ ሳይወጣ ይጠፋል።

ይኸው ሕግ ፍርድ ቤት የተለየ ትእዛዝ ካልሰጠ በስተቀር ብርበራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲከናወን ይደነግጋል። የተያዘ ሰው ቃሉን እንዲሰጥ ማስፈራራትን፣ በተስፋ መደለልንና ማሰቃየትንም ይከለክላል።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ነገሩን አጠንክሮታል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓታት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ስላለ ይህ የጉዞ ጊዜ ተገቢነት አለው። ይሁን እንጂ የጉዞው ጊዜ ለእግረኛው የታሰበ እንጂ ጣቢያ ውስጥ ያለ ሰውን ለማቆየት ሰበብ እንዲሆን የታሰበ አይደለም።

ፍርድ ቤት የምርመራ ጊዜ ሲፈቅድ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንደማይፈቅድ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይናገራል። አሥራ አራት ቀን በቢሮ አቆጣጠር አጭር ሊመስል ይችላል። በጋይንት ደጋ ግን ገብስ የደረሰበት ሳምንት አይመለስም። አጫጁ ታስሮ እህሉ በማሳ ላይ ቢቀር፣ ውርጭ ወይም ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ የዓመቱን ቀለብ ይወስዳል። ጥፋተኛ ሆኖ ያልተገኘ ሰው በነጻ ቢለቀቅም ምርቱን የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ፖሊስ ሰውን ከመያዙ በፊት በቂ ጥርጣሬ እንዲኖረው፣ ከያዘውም በኋላ ምርመራውን እንዲያፋጥን መጠየቅ ለአርሶ አደሩ የጎተራ ጉዳይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ወይም ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ከልክሏል። አንቀጽ 93 ደግሞ ይህ ክልከላ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ ሊታገድ ከማይችሉት ድንጋጌዎች አንዱ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። "ጊዜው አስቸጋሪ ነው" የሚለው ምክንያት ዱላን ሕጋዊ አያደርገውም ማለት ነው።

ዝውውር ቅጣት ነውን?

የፖሊስ አባላት በሲቪል ሰርቫንት ሕግ አይተዳደሩም፤ የራሳቸው የመተዳደሪያ ደንብ አላቸው። እንዲህ ያሉ ደንቦች የሥነ ሥርዓት ጥፋቶችን ቀላልና ከባድ ብለው ይለያሉ። ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ ክብደት ከማስጠንቀቂያና ከደመወዝ ቅጣት ተነስቶ ከማዕረግ ዝቅ እስከ ማድረግና ከሥራ እስከ ማሰናበት ይደርሳል። የተከሰሰው አባልም ክሱን አውቆ መልስ የመስጠትና ይግባኝ የማለት ዕድል ይሰጠዋል። ይህ ተገቢ ነው። ያለ ማስረጃ የተባረረ ፖሊስም የተበደለ ሰው ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የሥነ ሥርዓት ቅጣት መሥሪያ ቤቱ በአባሉ ላይ የሚወስደው ነው። የወንጀል ተጠያቂነት ግን በዐቃቤ ሕግና በፍርድ ቤት የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ሰውን ከሕግ ውጭ የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን የደበደበ፣ ያስፈራራ ወይም ክብሩን ያዋረደ ሠራተኛን ይቀጣል። በከባድ ሁኔታ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ ከሆነም ኃላፊው ከፈጻሚው በበለጠ ይቀጣል። ጉቦን የሚመለከተው ደግሞ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው።

እንግዲህ ተጠርጣሪን የደበደበ አባል የአንድ ወር ደመወዝ ቢቀጣ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር ጉዳዩ ተዘጋ ሊባል አይገባም። ከላይ ጋይንት ወደ እስቴ የተዛወረ ጥፋተኛ ጥፋቱንም ይዞ ተዛውሯል። የተበደለው ሰው ፍትሕ አላገኘም፤ የእስቴ ነዋሪ ደግሞ የማያውቀውን ችግር ተቀብሏል። ዝውውር የሥራ ምደባ እንጂ የበደል ካሣ አይደለም።

ትንንሽ የሚመስሉ ጥፋቶችም ቀላል አይደሉም። ከገበያ ተመላሹ ላይ የሚወሰድ ሃምሳ ብር፣ በኬላ ላይ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ክፍያ፣ ለከሳሽ የሚነገር ስድብ በወንጀል ዜና ላይ አይወጣም። ሕዝቡ ግን ይቆጥረዋል። "በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" የሚለው የአበው ብሂል የተነገረው ለዚህ ነው። ሰው በሕግ የተወሰደበትን ትልቅ ነገር ይችላል፤ በጉልበት የተወሰደበትን ትንሽ ነገር ግን አይረሳም።

ፖሊስን ማን ይመረምረዋል?

ዋናው ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው። በፖሊስ አባል ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በመጀመሪያ የሚደርሰው ራሱ ፖሊስ ዘንድ ነው። መርማሪው የተመርማሪው የሥራ ባልደረባ ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ክፍል አብሮት ያደረ ነው። ቅን መርማሪ ቢኖር እንኳ አቤት ባዩ እምነት ሊያድርበት ይቸገራል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ መፍትሔ ፈልገዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ ከፖሊስ ውጭ የሆነ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ደቡብ አፍሪካም የፖሊስ አባላትን የሚመረምር ገለልተኛ ተቋም አላት። እነዚህ ተቋማት ችግሩን ጨርሰው አላጠፉም። ሆኖም ተበዳዩ በዳዩ ወዳለበት ጣቢያ ሳይመለስ አቤት የሚልበት በር ከፍተዋል።

በኢትዮጵያ ለፖሊስ ብቻ የቆመ እንዲህ ያለ ተቋም ባይኖርም ያሉትን በሮች ማወቅ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል፤ ማቆያ ቦታዎችንም ይጎበኛል፤ በባሕር ዳርም ጽሕፈት ቤት አለው። የአስተዳደር በደልን የሚመለከተው የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን ምርመራ የመከታተል ኃላፊነት አለበት። ዘመዱ ያለ ሕግ የታሰረበት ሰው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 177 በሚፈቅደው መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ስምንት አንቀጾች ብቻ አሉት። አንደኛው ፖሊስ በሥራው ያወቀውን ምሥጢር እንዲጠብቅ ያዛል። ይህ በንፋስ መውጫ ልዩ ትርጉም አለው። ጥቃት የደረሰባት ሴት ቃሏን ሰጥታ ስትወጣ ነገሩ ቀድሟት ገበያ ከደረሰ፣ ሌላዋ ተበዳይ ዳግመኛ ወደዚያ ጣቢያ አትሄድም። የአንድ አባል ልቅ አንደበት የብዙ ወንጀለኞች መሸሸጊያ ይሆናል።

የፖሊሱም ሸክም

ስለ ፖሊስ ሥነ ምግባር ሲነገር የፖሊሱን ኑሮ መዝለል አግባብ አይሆንም። በግጭት ወቅት የፖሊስ አባላት ተገድለዋል፤ ቤተሰባቸው ያለ ጧሪ የቀረ አለ። የገጠር ፖሊስ ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በእግሩ ነው። ወንጀል ወደ ተፈጸመበት ቀበሌ የሚሄድበት ነዳጅ ከሌለው ከአቤት ባዩ ኪስ መፈለጉ አይቀርም፤ ከነዳጅ የጀመረው ልማድም ወደ ጉቦ ይሸጋገራል። ስለዚህ ጉቦን መከልከል ብቻውን አይበቃም። ለሥራ ማስኬጃ የሚያስፈልገውን በጀት መመደብም የሥነ ምግባር እርምጃ ነው።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ለውጊያ የሠለጠነና ለምርመራ የሠለጠነ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠላትን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ግን ፊቱ የቆመውን ሰው ፍርድ ቤት እስኪፈርድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ዜጋ ሊያየው ይገባል። ከሌላ ኃይል ወደ መደበኛ ፖሊስ የገባ አባል ይህን ልዩነት በሥልጠና ካልተማረው ከቀበሌው ሕዝብ ጋር በሚያደርገው የዕለት ተዕለት ግንኙነት ውስጥ ይሳሳታል። ችግሩ ግን ለጥፋት ይቅርታ አይሆንም። በተመሳሳይ ደመወዝ፣ በተመሳሳይ ብርድ እየሠሩ እጃቸውን ያልዘረጉ አባላት አሉና። ጥፋተኛው ሳይጠየቅ ሲቀር መጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው፤ ስማቸው ከስሙ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ከጣቢያው በር ላይ

ሥርዓቱ የሚስተካከለው ከላይ በሚወርድ መመሪያ ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩ አቤቱታው በጽሑፍ እንዲሰፍርለትና እንዲነበብለት መጠየቅ ይችላል። የተቀበለውን አባል ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን መያዝ ይገባዋል። የታሰረ ዘመዱን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ አርባ ስምንቱ ሰዓትም ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ እንደሚቆጠር ማወቅ አለበት። ፖሊስ ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው በዓመት ስንት አቤቱታ በአባሎቻቸው ላይ እንደቀረበና ምን እንደተወሰነ ለሕዝብ ቢያሳውቁ ክብራቸው አይቀንስም። እንዲያውም ቅጣቱ ሲታይ ሐሜቱ ይቀንሳል።

ድሮ በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ "በሕግ አምላክ!" ያላቸው መንገደኛ ያስቆማቸው ነበር። ያ ቃል ዱላ አልያዘም፤ ሰዎቹ ግን ከጀርባው ፍትሕ እንዳለ ያምኑ ነበር። የፖሊስ ሥነ ምግባር ዓላማም ይህን እምነት መመለስ ነው። በሬው የተሰረቀበት አርሶ አደር ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ ጣቢያው የሚሄደው ቃሉ እንደሚሰማለት ሲያምን ነው።