ፋራው ማን ነው?

እስቲ እጅጌያችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ያ የሚያብረቀርቀው «ሮሌክስ» ስንት ሰዓት ይላል? ቆሟል አይደል? ገምቼ ነበር።

ዛሬ ዛሬ ካፌ ቁጭ ብሎ ሰዓት ማወዳደር ፋሽን ሆኗል። አንዱ ሦስት ፎርጅድ አለው፣ ሌላው አምስት፤ ይህም «ኮሌክሽን» ይባላል። ቀጠሮ ሲሆን ግን ሁሉም አርፍደው ነው የሚመጡት።

የሚያስቀው ነገር፣ አብዝቶ የሚኮረጀው የሮሌክስ ሰብማሪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ብቅ ሲል ለባሕር ጠላቂዎች የተሠራ የሥራ ዕቃ ነበር። የእኛን ኮፒ ግን የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይገድለዋል!

እስቲ ቆቦ ውረዱ። ራያ ቆላ ላይ ውሃ ከሌለ ማሽላ የለም። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት እጃቸው ላይ ያየሁት፣ ማሰሪያው በሲባጎ የተጠገነ የፕላስቲክ ካሲዮ ነው። መስታወቱ ተጫጭሯል። ግማሽ ሰዓት ቢያዛቡ ግን የአንዱ ማሳ ይጠማል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ስለዚህ አያዛቡም።

«ታዲያ ድሃ አይዘንጥ ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። ይዘንጥ! መዘነጥን ማን ከለከለ? እኔን የሚያናድደኝ፣ በፎርጅድ የምንኮራ የከተማ ልጆች ያንን ካሲዮ አይተን «የፋራ ሰዓት» ማለታችን ነው።

ፋራው ማን ነው? የሰውን ውሃ በሰዓቱ የሚያደርሱት አባት ወይስ የሰው ስም እጁ ላይ አስሮ ሰው የሚያስጠብቀው?