የሚጎዳን የፈረስ ስም ነው ወይስ ማኅተም የሌለው ሥጋ?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር አዲስ ሥጋ ቤት ሲከፈት አንድ ወሬ አብሮ ይከፈታል፤ «የአህያ ነው፣ የፈረስ ነው» ይባላል። ወሬው እኛ እጩ መምህራን ዘንድም ይደርሳል። ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የፈረስ ሥጋ ይገድላል እንዴ?» ቢለን ምን ልንመልስለት ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በልማዱ የፈረስና የአህያ ሥጋ አይበላም። ይህ የእምነትና የባህል ጉዳይ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ከእኛ ብዙ በማትርቀው ቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋውም ሕዝቡ ስለተቃወመው እንጂ ሥጋው መርዝ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም።

በጤና በኩልስ? ካዛኮች፣ ፈረንሳዮችና ጃፓኖች የፈረስ ሥጋ ይበላሉ፤ ሥጋው በራሱ መርዝ አይደለም። አደጋው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ለፈረስ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ፌኒልቡታዞን የተባለ መድኃኒት የሰውን ደም ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ በአውሮፓ ይህን መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ለምግብ እንዲታረድ አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የፈረስ ሥጋ የበሉ ሰዎች ትሪኪኔላ በሚባል ትል በተደጋጋሚ ታመዋል። ሦስተኛው ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አውሮፓ ውስጥ የበሬ ተብሎ በተሸጠ ምግብ የፈረስ ሥጋ ሲገኝ ትልቁ ጥያቄ «ከየት መጣ? ማንስ መረመረው?» የሚል ነበር።

ይኸው ጥያቄ እኛም ሰፈር አለ። የኮሶ ትል የሚመጣው ከፈረስ አይደለም እኮ፤ ከምንሳሳለት ከበሬው ቁርጥ ነው! የፈረስ ስም ሲነሳ የሚያንገሸግሸው ሰው በየጓሮው የታረደውን በሬ ግን ረከሰልኝ ብሎ፣ የቄራ ማኅተም ይኑረው አይኑረው ሳያይ ይገዛል።

«ሥጋ እንደ እሳት በሚፋጅበት ጊዜ ማን ይመርጣል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ኑሮው መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን ማኅተሙን አይቶ መግዛት ዋጋ አይጨምርም፤ ሥጋውን በደንብ ማብሰልም የኮሶውን ትል ይገድለዋል። ታሞ መድኃኒት መግዛት ነው የሚብሰው።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የምንሰጠው መልስ እንዲህ ይሁን እንላለን፦ የምትበላውን እምነትህና ባህልህ ይወስኑልህ፤ ደህና መሆኑን ግን ምርመራ ይወስን። መጸየፍ ምርመራን አይተካም!