ደጋ ሲዘንብ ቆላ ይስማ

በየክረምቱ ደራሽ ውሃ ሰውና ከብት በወሰደ ማግሥት ያው ክርክር ይነሣል። ባለሙያው ትንበያው አስቀድሞ መነገሩን ያስታውሳል፤ ባለሥልጣኑ ሕዝቡ ማስጠንቀቂያን ከቁም ነገር አይቆጥርም ብሎ ይወቅሳል፤ ነዋሪው ደግሞ የነገረን የለም ይላል። ሦስቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ተነገረ የተባለው ነገር ለነዋሪው የደረሰው የትና መቼ እንደሆነ በማይለይ ቋንቋ ነው። የሕዝብ ቸልታ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የማስጠንቀቂያው ጉድለት ነው። ይህን ለማየት ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቁልቁለት ብቻውን ይበቃል።

ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሸዋ ሮቢት በመንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በጣርማ በር ገመገም የወረደ ዝናብ በዚህ አጭር ርቀት እየተንደረደረ ሮቢንና ሌሎቹን የይፋት ወንዞች ሞልቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሽንኩርቱም ማሾውም ፀሐይ እየሞቀው፣ ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ከደጋ የተላከ ውሃ ግን ለማሳሳቅም ጊዜ አይሰጥም። የራሱን ሰማይ አይቶ ማሳው ላይ የቆየ ገበሬ ሞኝ አይደለም። ለዘርና ለአጨዳ ዘወትር የሚያገለግለውን ምልክት ነው የተከተለው፤ ምልክቱ የሚከዳው ለጎርፍ ብቻ ነው። ድሬዳዋም በሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የተመታችው እንዲሁ ነበር። በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በእንቅልፍ ላይ በነበረች ከተማ ላይ ወረደ፤ ከ250 በላይ ሰዎችም አለቁ።

አሁን የማስጠንቀቂያውን መልክ እንመልከት። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የበጋን፣ የበልግንና የክረምትን ትንበያ ያወጣል፤ በየወሩና በየአሥር ቀኑም ያድሳል። ዝናቡ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉን ይናገራል፤ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊያሰጋ የሚችልባቸውን ሰፋፊ አካባቢዎችም ይጠቁማል። ይህ ዘር ለመምረጥና ግድብ ለማስተዳደር ትልቅ ጥቅም አለው። ሐምሌን ሙሉ ለሰፊ አካባቢ የሚሠራ ማሳሰቢያ ግን ለሮቢ ዳር ነዋሪ «ዛሬ ማታ ከብትህን አውጣ» አይለውም። ከሐምሌ ሌሊቶች የትኛው እንደሚያሰጋ ያልተነገረው ሰው በሁሉም ሌሊት ሊሸሽ አይችልምና በየትኛውም አይሸሽም።

እዚህ ላይ፣ ችግሩ የትምህርት ማነስ ነው፣ ወይም ሁሉን ለፈጣሪ ጥሎ መቀመጥ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጀርመን ባልተጎዳች ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የአውሮፓ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከቀናት በፊት እየተናገረ በዚያ አገር ከ180 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በኛም አገር ሕዝቡ አደጋ ሲያይ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አለመሆኑን ጎፋ አሳይታለች። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ተራራ ተንዶ ሰዎችን ሲቀብር ጎረቤት ሁሉ ለመቆፈር ሮጠ፤ ብዙዎቹን የገደለው ተከትሎ የመጣው ሁለተኛው ናዳ ነው። እነዚያ ሰዎች የጎደላቸው ርኅራኄም ፍጥነትም አልነበረም። የጎደላቸው፣ ያ ገደል ገና እንዳልረጋ የሚነግራቸው ሰው ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ማስጠንቀቂያው ጠባብና ቁርጥ ያለ ሲሆን የመሳሳት ዕድሉም ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ከቤቱ የወጣ ሰው በሦስተኛው አይወጣም፤ ድሃም ንብረቱን ጥሎ መሄድ አይችልም ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ባንግላዴሽን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰው ፈጅቶባታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ማጉያ እየዞሩ በየመንደሩ የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች አደራጀች፤ መጠለያ ሠራች፤ ለከብትም ቦታ አሰበች። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ፤ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ድህነቱ አልጠፋም፤ የተለወጠው ነጋሪውና መድረሻው ነው። ሰው በከንቱ መውጣትን ይታገሣል፤ የማይታገሠው የሚሄድበትን ሳይነግሩት ውጣ መባልን ነው።

ለይፋት መፍትሔው ከዚህ ይመነጫል፦ ደጋው የቆላው ዓይን ይሁን። ደብረ ሲና ያለችበት ጣርማ በር ወረዳና ሸዋ ሮቢት ያለችበት አካባቢ ሁለቱም ከዞኑ መቀመጫ ከደብረ ብርሃን ጋር ይገናኛሉ። ዜናው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እስኪመለስ ግን ውሃው በቀጥታ ይወርዳል። ገመገሙ ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ የተወሰነ መጠን ሲያልፍ ለካዩ ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ለታችኛው ወረዳ ይደውል፤ ይኸው መልእክት ወንዞቹ ወደሚወርዱበት ወደ አፋር ይሻገር። ኔትወርክ ይቋረጣል የሚል ካለ፣ ልክ ነው፤ ስለዚህ ሬዲዮም ይኑር። መንደር ለመቀስቀስ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚኖርበት ይፋት የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አሉ። ከፍ ያለው መሸሻ ቦታ ከክረምት በፊት ይታወቅ።

ስልክ ሁሉን አይፈታም። ያው 1998 ዓ.ም. በገባበት መስከረም በደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ መሬቱ ተንሸራትቶ ከ1 ሺህ በላይ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችም ተፈናቅለዋል። ይህ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ባለበት ጊዜ ነው። እንዲህ ላለው አደጋ መጠበቅ ያለበት የዝናቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ የመሬት ስንጥቅ፣ የምንጭ መደፍረስ፣ የግድግዳ መዛነፍ ሁሉ ናቸው። እነዚህን ቀድሞ የሚያያቸው ነዋሪው ነውና፣ ማስጠንቀቂያ ከታች ወደ ላይም መሄድ አለበት።

ስለዚህ የክረምት ሪፖርት መለኪያው ይለወጥ። ስንት ማስጠንቀቂያ ወጣ ብሎ መቁጠር የመሥሪያ ቤቱን ድካም ያሳያል እንጂ የሰውን ደኅንነት አያሳይም። መጠየቅ ያለበት ከደጋው ጥሪ እስከ ቆላው ጎርፍ ስንት ደቂቃ ተገኘ፣ በዚያስ ጊዜ ስንት ሰው ከወንዝ ዳር ወጣ የሚለው ነው። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ምርመራው ከነዋሪው ሳይሆን ከነጋሪው ይጀምር።