ጋቢው ከውስጥ ይሁን

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ የሚበረታው በክረምት የሚመስለው ሰው ታኅሣሥ ላይ አድሮባት አያውቅም። በክረምት ደመናው መሬቱን ሸፍኖ ያሳድረዋል። ኅዳር ሲጠባ ሰማዩ ይገለጥና፣ ቀን የሞቀው መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ሲለቅ ያድራል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያውም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሞተር ማስነሣት ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል።

እኔ ቀምሼዋለሁ። በአንድ ወቅት ሥራዬ በሳምንት ሁለት ቀን ከደብረ ብርሃን አንኮበር ያመላልሰኝ ነበር። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። በሞተር ግን ከከተማው ባሕር ዛፍ ከወጣችሁ በኋላ ነፋሱን የሚመክትላችሁ የለም። የቀረው ገላ እንደምንም ይችለዋል፤ የሚከዳው ጣት ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይጠዘጥዛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቆፈን ማለት ይኸው ነው። ፍሪሲዮን መያዜን የማረጋግጠው በዓይኔ እያየሁ ነበር።

አንድ የጥር ጠዋት የበግ መንጋ መንገድ ሲያቋርጥ ፍሬን ልይዝ አልሁ፤ እጄ ዘገየ። በጎቹ ተረፉ፣ እኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። እንደ ተነሣሁ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን ማርሚታው ላይ ማሞቅ ነው። የነቃሁት በጭስ ሽታ ነው፤ የሹራብ ጓንቴ መጨስ ጀምሯል፣ ጣቴ ግን ምንም አልተሰማውም። (ይህን ከእኔ ተማሩ፤ የደነዘዘ እጅ እሳትን ከብርድ አይለይም።) እረኛው ልጅ አጠገቤ ቆሞ ከሞተሩ ይልቅ ልብሴን ያያል።

«ጋሼ፣ ጋቢዎን ጎማው ሊበላው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከጃኬቱ በላይ የደረብሁት ጋቢ ጫፉ ሰንሰለቱ ዘንድ ደርሷል። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢሳዶራ ደንካን የተባለች አሜሪካዊት ዳንሰኛ ፈረንሳይ ውስጥ የሞተችው የአንገቷ ሻርፕ የመኪና ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ነው። ልጁ ይህን መስማት አላስፈለገውም። እሱ የለበሰው ደበሎ ነበር፤ ጠጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ደበሎ ላይ አለ። የሚያሞቀን ልብሱ ብቻ አይደለም፤ ልብሱ ውስጥ ረግቶ የሚቀመጠው አየር ነው። ጠጉሩ አየሩን ይይዛል፣ ቆዳው ነፋስ እንዳይሰርቀው ይዘጋል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢም ከውስጥ ሲሆን አንደኛ ነው፤ ከላይ ሲሆን ግን ነፋሱ በወንፊት እንደሚያልፍ ውኃ ያልፈዋል። የሞተር ብርድ ደግሞ ግማሹን ራሳችን በፍጥነታችን የምንሠራው ነው። አየሩ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ አሜሪካና ካናዳ በሚጠቀሙበት ቀመር ፊታችሁ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ጋቢው ወይም የመንዝ ባና ከውስጥ፣ የዝናብ ልብስ ወይም ቆዳ ከላይ። እሱም ከጠፋ ደረት ላይ ጋዜጣ። የአውሮፓ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራ ሲወርዱ ማልያቸው ውስጥ ጋዜጣ መወሸቅ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ይህን ዓምድ የማይወድ አንባቢም እንግዲህ ጥቅም አገኘለት።

አረቄውንስ? የደብረ ብርሃንን አረቄ ማማት ጠላት ያበዛብኛል፤ ቢሆንም እውነቱ እሱ የሚያሞቀው ቆዳን ብቻ መሆኑ ነው። ደሙን ወደ ውጭ ጠርቶ የውስጡን ሙቀት ለነፋስ ያስረክባል። ጠጥቶ የመንዳቱን አደጋ ሳንጨምር ማለት ነው።

ቅሬታዬ ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ነው። በዚህ ደጋ ክትባት ይዞ የሚወጣው፣ ገበሬ ዘንድ የሚሄደው፣ ትምህርት ቤት የሚቆጣጠረው ብዙው በሞተር ነው። ለሞተሩ ነዳጅ ይመደባል፣ ዘይት ይመደባል፣ ጎማ ይገዛል፤ የሚነዳው እጅ ግን በጀት የለውም። እኔንም ያኔ የራስ ቁር ሰጥተው ለእጄ ቁር ማንም አላሰበም። የንብረት ክፍሉን ሰው የቆዳ ጓንት ብጠይቀው፣ «ጓንት ለሐኪም ነው፤ አንተ ምን ታደርግበታለህ?» አለኝ። አላቂ ዕቃ ይሁን ቋሚ ዕቃ ሲከራከሩበት ጥር አለቀ። በራሴ ገንዘብ ገዛሁት።

ሥራውን ስለቅ ሞተሩን ከነቁልፉ፣ ካንዴላ መፍቻውን፣ የራስ ቁሩን ቆጥሬ አስረከብሁ። ያው ሰው እያንዳንዱ ላይ ምልክት አደረገና ከመፈረሙ በፊት እጄን አየ።

«ይሄ ጓንትስ፣ አይመለስም?»